በፋጡማ ግቢ የተተከለው ምሰሶ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ በደርግ ዘመን ማለቴ ነው፣ እዚህ ድሬዳዋ ሰፈራችን መብራት ሲገባ የምሰሶውን ጉድጓድ የቆፈርነው እኛው ነን፣ ቀበሌው በዘመቻ ጠርቶን፣ በዚያ ፀሐይ፣ ሴቱም ወንዱም። ጎረቤቴ ፋጡማ ባሏ የሞተባት፣ ደጇ ላይ ሳምቡሳ እየጠበሰች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ነበረች፣ እና አንዱ ምሰሶ ግቢዋ ውስጥ ተተከለ። ደስ ብሏት ነው የፈቀደችው።

ታዲያ መብራቱ ሲመጣ የብሎኬት ቤት ላለው ብቻ ሆነ። ቀበሌ ሄዳ ጠየቀች። የቀበሌው ሊቀ መንበር ድምፁን እንዲህ ወፈር አድርጎ፣ «ጓዲት፣ የጭቃ ቤት ቆጣሪ አይገባለትም» አላት።

«ምሰሶውን ስትተክሉ ቤቴ ጭቃ መሆኑን አላያችሁም?» አለችው።

ወር ሳይሞላ ደግሞ ምን አሉ፣ «መብራት ገብቷል፣ ጫካው እያለቀ ነው፣ ከሰል ክልክል ነው» አሉ። ስሙኝ እንግዲህ፣ መብራት የነፈጓትን ሴት ከሰልም ከለከሏት። እና የቀበሌ ጥበቃዎች መጥተው መጥበሻዋን አውርደው ከሰሉ ላይ ውሃ ደፉበት።

«በምን ልጥበስ ታዲያ?» አለች።

«በኤሌክትሪክ» አላት አንዱ። በኤሌክትሪክ አላት፣ ወላሂ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ከዚያ አንድ ቀን ነፋስ መጣና እሷ ግቢ ካለው ምሰሶ ወደ ሊቀ መንበሩ ቤት የሚሄደውን ሽቦ በጠሰው። የመብራት ሠራተኞች መሰላል ተሸክመው መጡ፣ ፋጡማ በሯን ቆልፋ ቆማለች።

«ክፈቺ።»

«አልከፍትም። መጀመሪያ ይህን የጭቃ ቤት ሁሉ ለመብራት መዝግቡ።»

«ለአንቺ እናስገባልሻለን፣ ክፈቺ።»

«ለእኔ ብቻ ከሆነ አልፈልግም» አለች፣ እንዲህ፣ ቀስ ብላ።

የቀበሌ ጥበቃዎቹ ፀረ አብዮት ብለው ወሰዷት። ያኔ ይህ ቃል ሰው ያስበላል፣ እናንተ አታውቁትም። በማግስቱ ጠዋት ግን የሰፈሩ ሴቶች የቀዘቀዘ ምድጃቸውን ተሸክመው ቀበሌው በር ላይ ደርድረው ተቀመጡ፣ አንዷ በኦሮምኛ፣ አንዷ በሶማልኛ፣ አንዷ በአማርኛ፣ «ምን እናብስል?» ይላሉ፣ ሌላ ቃል የለም። ሦስተኛው ቀን ላይ ለቀቋት፣ የጭቃ ቤቱም ሁሉ ተመዘገበ፣ መብራቱም ገባ።

«አባባ፣ እርስዎስ ያን ጊዜ ምን አደረጉ?»

እኔማ የብሎኬት ቤት ነበረኝ። ከሰሏ ላይ ውሃ ሲደፉባት ቬንቲሌተር ከፍቼ በመስኮት አይ ነበር። ሊቀ መንበሩን ስረግም ይኸው አረጀሁ፣ ግን እሱ እንኳ ፊት ለፊት ነው የበደላት። እኔ ጎረቤቷ ነበርኩ።