የበሬው ድርሻ

ሰኞ ጠዋት ከቆቦ ወደ ጎብዬ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት ከጋቢያቸው ስር ደብተር አወጡና «ይህ ቀይ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ። መምህር መሆኔን በምን እንዳወቁ እንጃ፤ ጠመኔ የነካው እጅጌዬ ሳያሳብቅብኝ አልቀረም።

ስማቸው አራጌ ነው። ዚነት የምትባል የልጅ ልጃቸው ከጎብዬ ወዲህ ባለች ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ትማራለች። ዓርብ ይህን ደብተር ይዛ ከገባች ጀምሮ «እኔ ደደብ ነኝ» እያለች ስታለቅስ ሰነበተች። ዛሬም በግድ ነው የላኳት። አሁን ግን ቆርጠዋል፤ ስሟን ከመዝገብ ሊያሰርዙ እየሄዱ ነው። እያለቀሰች ከምትማር ማሽላውን ከወፍ ብትጠብቅልኝ ይሻላል አሉኝ።

ደብተሩን ገለጥኩ። ጥያቄው «ሦስት ጎረቤታሞች ሃያ አራት ኩንታል ማሽላ አመረቱ። እኩል ቢካፈሉ ለእያንዳንዳቸው ስንት ኩንታል ይደርሳቸዋል?» ይላል። ዚነት «ስድስት» ብላለች። በላዩ ላይ አንድ ትልቅ ቀይ ኤክስ ተጋድሟል። ኤክሱን ሳየው ደነገጥኩ፤ የእኔው እጅ ነው። ሰባ ስምንት ተማሪ አለኝ፣ ደብተር ሳርም የማንም ፊት አይታየኝም። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ዝም ብሎ መውረድ ነበር።

መልሱ ስምንት መሆኑን፣ ልጅቱም መሳሳቷን ነገርኳቸው። አዛውንቱ በጎሪጥ አዩኝ።

«የበሬውስ ድርሻ?»

«የቱ በሬ፣ አባቴ?»

«ሦስቱ ሰዎች በጥርሳቸው ነው እንዴ ያረሱት? በእኛ ዘንድ ሦስት ሰው ተጋግዞ ሲያርስ አራት ድርሻ ይወጣል። አራተኛው የበሬው ነው፣ ባለበሬው ይወስደዋል። ሃያ አራት ለአራት ሲካፈል ስድስት። እኔው ነኝ ያስተማርኳት። ወላሂ፣ የበሬ ድርሻ የሚያስበላ ትምህርት ለእኔ ልጅ ይቅርባት።»

አፈርኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ማካፈል ሳስተምር፣ ስድስት ያለን ልጅ «እንዴት ስድስት አልሽ?» ብዬ አልጠየቅሁም። ልጅቱ ማካፈሉን ከእኔ እኩል ታውቀዋለች። ኤክስ ማድረግ ደግሞ ከመጠየቅ ይቀላል።

«አባቴ፣ ኤክሱን ያደረግሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ኤክሱን በጣታቸው ነክተው «አብሽር፣ መናገርህ ደግ ነው። እንግዲያው ሰርዘዋ» አሉ።

መሰረዙ ቀላል ነበር። ግን ውሸት ይሆንብኛል፤ የዚነት መልስ የእውቀት መልስ ቢሆንም የጥያቄው መልስ አይደለም። ይህን ለእሳቸው እንዴት እንደማስረዳ ሳሰላስል የራሳቸው ደንብ ትዝ አለኝ።

«እርሻ ስትዋዋሉ ድርሻው በሽማግሌ ፊት ይቆጠራል አይደል?»

«እንዴታ።»

«ስትዋዋሉ ያልነበረ ሰው አውድማው ላይ ደርሶ ድርሻዬን ቢልስ?»

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! በውሉ ያልተጠራ ምን ድርሻ አለው?»

«ጥያቄውም ውል ነው፣ አባቴ። የጻፈው ሰው ሦስት ሰው ጠራ፤ በሬ አልጠራም። ዚነት ግን በሬውን አውድማው ላይ አስገባችው።»

ጢማቸውን አሻሹ። «በሬው ግን አርሷል» አሉ፣ በዝግታ።

«አርሶ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ግን የለም። ዚነት መማር ያለባት ይህንኑ ነው፤ የተጻፈውን ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ ማንበብ።»

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ለዚነት ምን እንደሚጠቅማት ነገርኳቸው። ጤና ጣቢያ ሃያ አንድ ኪኒን ተሰጥቶት በቀን ሦስት ውሰድ የተባለ ሰው፣ ኪኒኑ ለሰባት ቀን እንደሆነ ማወቅ አለበት። ማካፈል የማያውቅ በሦስተኛው ቀን ሲሻለው ይተወዋል፣ ወይም ቶሎ እንዲሽረው ብሎ በአንዴ ይጨርሰዋል። የመሬት ውልም እንዲሁ ነው፤ ማን እንደተጠራና ምን እንደተባለ ለይቶ የማያነብ ሰው ያልተጻፈውን እያሰበ በተጻፈው ይታሰራል። ይህን ስል አያ አራጌ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

«ባለፈው ዓመት መሬቱን ለሰው ሳከራይ አንድ ወረቀት ላይ ጣቴን ጫንኩ» አሉ። «ማን ማን እንደተጠራበት እስካሁን አላውቅም።»

ትምህርት ቤቱ ጋ ስንደርስ አብረን ወረድን።

ዚነትን ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ብቻዋን ቆማ አገኘናት። አያቷን ከእኔ ጋር ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ፣ ስድስት ያለችበትን ምክንያት እንደሰማሁና ሳልጠይቃት ኤክስ ማድረጌ ጥፋት እንደነበረ ነገርኳት። ከዚያ ጥያቄውን ጮክ ብላ እንድታነብ ጠየቅኳት።

«ማን ማን ተጠራ?»

በጣቷ ቃላቱን ተከትላ «ሦስት ጎረቤታሞች» አለች። ትንሽ አሰበችና «በሬ አልተጠራም… ስምንት» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍሌ ውስጥ ማንም ወደ ቁጥሩ አይሮጥም። መጀመሪያ ማን እንደተጠራ፣ ምን እንደሚካፈል፣ የተጠየቀውም ምን እንደሆነ በራሳቸው ቃል ይነግሩኛል። እኔም «እንዴት አገኘኸው?» ሳልል ቀይ እስክሪብቶ አላነሳም። ጊዜ ይፈጃል፤ ነገር ግን ደደብ ነኝ የሚል ልጅ አነሰ፣ የሚጠይቅም በዛ። ሳይጠይቁ ማረም ግድግዳውን ሳያዩ ጣሪያ እንደ መክደን ነው።

የዚያን ዕለት ግን ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ሲሰለፉ፣ አያ አራጌ ስለ መዝገቡ አንድም ቃል አላነሱም። ደብተሩን ለዚነት መለሱላትና ትከሻዋን ይዘው «ስትጨርሺ ሳትዘገዪ ነይ» አሏት። «የምታነቢልኝ ወረቀት አለ።»