«ፐርፔንዲኩላርሊ» የሚለውን ቃል ምንጭ የፈለጉት የመምህር ወንዳፍራሽ ብዙነህ ዜና ሕይወት

መምህር ወንዳፍራሽ ከአባታቸው ከአቶ ብዙነህ ዘለቀና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጠጅቱ ባጫ በ1950 ዓ.ም. ጫንጮ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው ጀምረው፣ አዲስ አበባ ከመምህራን ማሠልጠኛ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተመርቀው፣ በልዩ ልዩ ቦታዎች ካስተማሩ በኋላ በሱሉልታ አንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት እስከ ጡረታቸው አገልግለዋል። በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ ውብአየሁ አሰፋ ጋር በተክሊል ተጋብተው አንዲት ልጃቸውን አጸደን ወልደዋል።

የዕድሜያቸው ሥራ ግን አንድ ጥራዝ ነበር። አብዛኞቹ ከደቡብ ለግንባታ ሥራ የመጡት ተማሪዎቻቸው፣ በዘጠና ዲግሪ ቀጥ ብሎ መቆምን የሚገልጸውን «ፐርፔንዲኩላርሊ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ሳይገባቸው ሲሸመድዱት ቢያዩ፣ መዝገበ ቃላት አገላብጠው፣ ቃሉ መንጠልጠልና መመዘን ከሚል የላቲን ግስ፣ ግንበኛ ግድግዳ ከሚያቀናበት ከቱንቢ ስም ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ መሆኑን አስረዷቸው። ቱንቢ የያዘ ልጅ ይህን ቃል ሊፈራው አይገባም ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የስድስት መቶ የሙያ ቃላትን ምንጭ በእጃቸው ጻፉ፤ ሌላ ቅጂ አልነበረውም።

በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ምክንያት ተቃውሞ ተነሥቶ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ሲታመሱ፣ ጥራዙን ከቤት አውጥተው በትምህርት ቤቱ የብረት ሣጥን እንዲያስቀምጡት የወተወትኳቸው እኔ፣ ይህን የማነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው አሥራት ነኝ። «ጋሼ፣ የመንግሥትን ቤት ማን ይነካዋል?» አልኳቸው። አይ ሞኝነቴ! መስከረም 2009 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ ነደደ፤ ሣጥኑ ሲከፈት ዐመድ ብቻ ተገኘ። ቤታቸውን ግን ማንም አልነካውም።

«ምን ታደርግ፣ ለእኔው ብለህ ነው» ከማለት በቀር አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። እንደገና ቢጀምሩም የስኳር ሕመም ዓይናቸውን ስለ ያዘው፣ አጸደን በቃላቸው እያስጻፉ ዘጠኝ ቃል ሳይሞሉ ተዉት፤ መጽሐፍ ማንሣትም፣ ስለ ቃል ማውራትም ተዉ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ትናንት ታኅሣሥ 9 ቀን 2011 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ዐረፉ።

ቤተ ዘመድ «መጽሐፍ ደርሰዋል ብለህ ጻፍ» ብሎኝ ነበር። አልጻፍኩም፤ የለማ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ውብአየሁ፣ ልጃቸው አጸደና እኔ ወንድማቸው ቀርተናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አባቶች ጎን ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጃቸውም መጽናናትን ይስጥልን። በዚህ ልመና እኔን አታስገቡኝ።