ጥርሱ የረገፈው ፊደል

ጸሃይ አስመራ፣ ቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር በሚገኝ አንድ የቪድዮ ስቱዲዮ ውስጥ በኮምፒዩተር ፊደል ትሠራለች። የኤርትራ ነጻነት ገና ትኩስ በነበረበት በዚያ ዓመት የሙሽሮች ስም ስክሪን ላይ ሲወጣ ጠርዙ የመጋዝ ጥርስ ይመስል ነበር። ዘዴውን ያገኘችው እሷ ናት፦ ፊደሉን በአራት እጥፍ አግዝፎ ስሎ፣ መልሶ ማሳነስ። ያኔ ጥቁሩና ነጩ ድንበር ላይ ተቀላቅለው ግራጫ ይሆናሉ፤ ጠርዙም ለዓይን ይለሰልሳል። ለባልደረባዋ አሳየችው። እሱ ደግሞ ትናንት በእንግዶች ፊት «የኔ ግኝት» ብሎ አቀረበው፤ ሌሎችን እንዲያስተምርም ተመረጠ።

ዛሬ ጸሃይ፣ ከወሎ መጥታ ሻሂ ቤት ወደ ከፈተችው ጓደኛዋ ሀኒያ ጎራ ስትል፣ ያው ባልደረባዋ ጀርባውን ሰጥቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ከሀኒያ ጋር የምታወራበትን አማርኛ እሱም ትምህርት ቤት ተምሮታል፤ አንዲት ቃል አታመልጠውም። ፈገግ አለች፤ ድምፅዋንም ከፍ አደረገች።

«ሀኒያዬ፣ እንዴት አደርሽ? ሻሂሽ ዛሬ ቅርንፉድ በዝቶበታል ልበል? እወ፣ አዎ፣ ጥሩ ነው... እናንተ ሰፈር፣ ፓራዲዞስ ብርዱ እንዴት ነው? እኛማ ትናንት ሞቆን ዋለ። ጭብጨባ ያሞቃል ለካ!

አንድ ሰው አለ፣ አታውቂውም... እንዴት ያለ ብልህ መሰለሽ! ሌላው ዓይኑ እስኪፈዝ ስክሪን ላይ ያፈጣል፤ እሱ ትከሻ ላይ ቆሞ አንዴ አይቶ ጨረሰው። ይሄ ተሰጥኦ አይደለም? የሰው ወርቅ አያደምቅም ያለው ማነው? እኔ አዳራሽ ሙሉ ሲያደምቅ አየሁ እኮ!

የፊደሉ ጥርስ ረገፈ። የት ገባ ብዬ ስፈልግ... ለካ ሰውየው ሲስቅ አፉ ውስጥ ነበር! ነገሩ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ያገዝፉታል፣ ከዚያ ያሳንሱታል። ፊደል ሲያንስ ነው የሚያምረው። ሰውስ? እንጃ... ማግዘፉንማ ራሱ ላይ ጨርሶታል፤ የቀረው ሁለተኛው ነው።

ምቀኛ እንዳትዪኝ፣ ሓፍተይ፣ እህቴ! ደስ ብሎኝ ነው። ድሮም ለጋስ ነው፤ የራሱ ያልሆነውን እንኳ አይሰስትም። ሰኞ ማስተማር ይጀምራል። አንዱ ተነስቶ ‹ለምን በአራት? በሁለትስ ለምን አልሆነም?› ቢለው... ያውቀዋል። እንዴት አያውቀውም?»

ጥግ ላይ ብርጭቆ ከሳህን ጋር ተጋጨ። ጸሃይ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ ማር በሆነ ድምፅ መረቀች።

«ብቻ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጠው፤ የትም ቢቆም... ጠያቂ አያሳጣው!»