በኩል የተሳለው ንቅሳቴ

ሳን ሆዜ ውስጥ የጃፓን ባህላዊ ማረፊያ የከፈተ አንድ አሜሪካዊ ነበር። የአክስቴ የእትዬ ዘነቡ አሠሪ አንድ ሌሊት እዚያ እንድናድር ጋበዘችንና ከኦክላንድ ሄድን። ሰውየው ረጅም የጃፓን ቀሚሱን፣ ኪሞኖውን፣ እየጎተተ፣ «በጃፓን ደንብ ንቅሳት ያለበት ለብቻው ይታጠባል፤ ሌላው በጋራ ገንዳ፣ ራቁቱን» አለን። የአክስቴን የአንገት ንቅሳት ሲያይማ የንቅሳት ሊቅ መሆኑን ነግሮን፣ እጅ ነስቶ የግል መታጠቢያ ቁልፍ ሰጣቸው።

የእኔ አንገት ባዶ ነው። እህቴ ፊት እንኳ ልብስ የማልቀይር ሰው ከማላውቃቸው ሴቶች ጋር ራቁቴን ልቀመጥ? «ይቅርብኝ፣ አልታጠብም» አልኩ።

«ነይ ወዲህ!» አሉና አክስቴ ጥግ ወስደውኝ ከቦርሳቸው ኩል አውጥተው የራሳቸውን የሚመስል ንቅሳት አንገቴ ላይ ሳሉልኝ።

«እትዬ፣ ያውቅብናል!»

«ይሄ? ይሄ ደግሞ ምን ያውቃል!»

ሊቁ መነጽሩን አስተካክሎ ገና ያልደረቀውን ኩል መረመረ። «እጅግ ጥንታዊ ነው» አለና ለእኔም ቁልፍ ሰጠኝ።

በሬን ቆልፌ ሙቅ ውሃ ውስጥ እስኪበቃኝ ተዘፈዘፍኩ። ኩሉ ታጥቦ ጠፍቶ ስወጣ ሊቁ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ። ባዶውን አንገቴን አተኩሮ እያየ፣ «እንዲህ ያለውን ንቅሳት የትም ባየው አውቀዋለሁ» አለኝ።