መጥተው ወሰዱት

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … ወንደሰን? የቱ ወንደሰን? … ኧረ? ቁጥርህን አጥፍቼው ነው። ሁለት ወር ስደውልለት የማያነሳ ቁጥር ስልኬ ውስጥ ምን ይሠራል? … እሺ፣ ሥራ በዝቶብህ ነው። ይሁን።

— የለሁም፣ ሲ.ኤም.ሲ አይደለሁም። እሑድ አይደል፣ እማዬ ጋ ነኝ፤ ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ። … አዎ፣ እዚያው ቤት። የት እንድትሄድልህ ነበር? ግሩም ሲመለስ በሩን ማን ይከፍትለታል ብላ ነው እኮ የማትለቀው። … ሄሎ? … ትሰማኛለህ? … ቆይ ወደ ደጅ ልውጣ። እዚህ ኔትወርክ በደንብ የሚገኘው አጥሩ ሥር ሲቆሙ ነው። … አሁንስ? … እሺ፣ ተናገር።

— ቀስ በል። መንግሥት መልስ ሰጠ? … ለባንጁሉ፣ ለአፍሪካ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን? … መቼ ነው የሰጠው? … እና እስከ ዛሬ አፍህን ዘግተህ … እሺ። እሺ፣ አልጮህም። ምን አሉ?

— … በስምምነት እንጨርስ። ምን ማለት ነው በስምምነት? ወንድሜን ይመልሱልናል? … የት እንዳለስ ይነግሩናል? … ታዲያ የምንስማማው ምኑን ነው?

— … አልሰማሁም፣ ድገመው። … መንግሥት በደረሰው ነገር ሐዘኑን ይገልጻል፤ ኃላፊነት ግን አይወስድም። እኛም ክሱን እንተዋለን። … ይኸው ነው? … ወንደሰን፣ ሐዘን እኮ የእድራችን ዳኛም ገልጸውልናል። እኔ ባንጁል ድረስ የከሰስኩት ለቅሶ እንዲደርሱኝ አይደለም። ደግሞስ ለቅሶ የሚደረሰው ለሞተ ሰው ነው። ግሩም ሞቷል አሉ? … አላሉም። ታዲያ ምን ሆነ ብለው ነው የሚያዝኑት?

— ወንዴ በይኝ አትበለኝ። ወንዴ የሚልህ ግሩም ነው።

— እና አንተ ምን ትላለህ? … ብንስማማ ይሻላል። … የኛ ጠበቃ ነህ ወይስ የነሱ? … ለምንድነው ክሱ የሚደክመው? እማዬ ዓይኗ እያየ ነው የተወሰደው። … ማን አለ? … እማዬ ራሷ? «ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች ወሰዱት» ብላ እማዬ ቃል ሰጠች? … ውሸት ነው። … ውሸት ነው አልኩህ። ቃሏ ፊትህ አለ? አንብብልኝ። … አይ፣ ወደ ባንጁል የሄደውን፣ እንግሊዝኛውን።

— … ኢንስፔክተር አምባዬን ደጅ ላይ ቆሞ አየሁት። ልክ ነው፤ አይታዋለች። ቀጥል። … «ዘይ ኮልድ ግሩም።» … «ዘይ ቱክ ሂም።» … ቆይ፣ ቆይ። ዘይ? እነማን ናቸው ዘይ? … የምን እነሱ? አምባዬ ብቻውን ነው እኮ የመጣው። ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ በመንግሥት ታርጋ፣ በጠራራ ፀሐይ። ሰፈሩ ሁሉ አይቷል።

— … እህ። … እህ። … ኢንስፔክተሩ የአካባቢው ነዋሪ እንደመሆኑ በዚያ ሲያልፍ ቆሞ ታይቷል ይላሉ፤ ልጁን የወሰዱት ግን ሌሎች ናቸው፤ ይህንንም የራሷ የእናቲቱ ቃል ያረጋግጣል። … ስለዚህ መንግሥትን አይመለከትም። … ጎበዞች ናቸው። እውነቴን ነው፣ ጎበዞች ናቸው።

— አማርኛው ምን ይላል ታዲያ? እማዬ ከአፏ የተናገረችው? … አንብበው። ቀስ ብለህ። … «ኢንስፔክተር አምባዬን ደጅ ላይ ቆመው አየኋቸው። ግሩምን ጠሩት። መኪና ውስጥ አስገብተው ወሰዱት።» …

— … አትዝጋ፤ መጣሁ።

— እማዬ፣ ያን ቀን ግሩምን የወሰደው ማነው? … ምንም አልሆነም፣ ዝም ብለሽ ንገሪኝ። … ስንት ሆነው መጡ? …

— ሄሎ? ሰማሃት? … ምስሯን እየለቀመች፣ ቀና እንኳ ሳትል ምን አለችኝ መሰለህ? «ኢንስፔክተሩ ናቸዋ፤ ብቻቸውን መጥተው ወሰዱት።» … ብቻቸውን። መጥተው። … ገባህ? … እንዴት ነው የማይገባህ? አንቱ እያለችው ነው እኮ። ለእማዬ ሰው ሁሉ አንቱ ነው። ጉሊት ሽንኩርት የምትሸጠዋን ልጅ «እንደምን ዋሉ» የምትል ሴት ናት። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ሲመጣ «መጥተዋልና በሩን ክፈቺላቸው» ትለኛለች፤ ስንት ሰው መጣብን ብዬ ብወጣ አንድ ጎረምሳ ቆሞ አገኛለሁ። አንተ ይህን አታውቅም? እዚህ ግቢ ከግሩም ጋር ኳስ ስትጠልዝ ያደግህ ሰው?

— «እሳቸው ወሰዱት» ነው ያለችው። አንተ «እነሱ» አደረግከው። እሷ አንድ ሰው አከበረች፣ አንተ አበዛኸው፣ እነሱ ደግሞ ብዛቱን ሲያዩ አናውቃቸውም አሉ።

— ማነው የተረጎመው? … ቢሮህ ያለ ሰው ነው? … ምን? … ኮምፒውተር? … ኮምፒውተር ነው የተረጎመው? … ሁሉም ጠበቃ እንደዚህ ነው የሚሠራው። እሺ። እና አንተ መልሰህ አላነበብከውም? … በዓይንህ ገረፍ አድርገህ ፈረምክ። … ወንደሰን፣ ኮምፒውተሩ እናቴን የት ያውቃታል? አንተ ግን ታውቃታለህ። እንጀራዋን በልተህ ነው ያደግከው።

— ቢታረምም ምን? … ቢታረምም አምባዬ ያለ ትእዛዝ በራሱ ፈቃድ ያደረገው ነው ይላሉ። ይበሉዋ። እኔ መገናኛ ኢንሹራንስ ቢሮ ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ የምሰማው ምን ሆነና? «ሾፌሩ ሳላዘው ነው የነዳው።» ባለመኪናው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። ቁልፉን ማን ሰጠው? እሱ ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። አምባዬን ዩኒፎርም ያለበሰው ማነው? መኪናውንስ፣ ሽጉጡንስ? … ራስህ አይደለህም እንዴ ያስተማርከኝ? እዚሁ በረንዳ ላይ ተቀምጠህ፣ እማዬ ያመጣችልህን ቆሎ እየቆረጠምክ። ባለሥልጣን ከታዘዘው አልፎ ቢሄድ እንኳ መንግሥት ይጠየቅበታል፣ የዓለም አቀፍ ሕጉ እንዲህ ነው አልከኝ። ሰው ጠፋ ሲባል አለመፈለግም ራሱ ጥፋት ነው አልከኝ። ያን ጊዜ ሁሉም ጣቢያ እኛ ጋ የለም ብሎ መልሶን፣ ፍርድ ቤቱም ያዘው የሚባል አካል የለም ብሎ ዘግቶብን፣ እኔ በቃኝ ብዬ ነበር። አይበቃሽም ያልከኝ አንተ ነህ። ከአገር በላይ የሚጠይቅ አለ ብለህ። እኔም አመንኩህ።

— ግሩምማ ምን አጠፋ? የጎረቤቶቹ ቤት ሲፈርስ ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ ጻፈ። ሌላ ምን አደረገ?

— … አላስተዋልኩም ትላለህ። እሺ፣ ስትፈርም አላስተዋልክም። መልሳቸው መጥቶ ስታነበውስ? … ሄሎ? … ሄሎ፣ መስመሩ ነው ወይስ አንተ ነህ? …

— አየህ። አይተኸዋል። መልሱ የመጣ ዕለት ገብቶሃል። በስምምነት ካለቀ ትርጉሙን ማንም መልሶ አያነበውም፤ የፈረመው ጠበቃም ስሙ አይነሳም። ስልክ ያላነሳኸው ለዚህ ነው። እኔ ሞኟ ደግሞ ሥራ በዝቶበት ነው እያልኩ እማዬን ሳጽናና ነበር።

— አትማልልኝ። … ተው፣ አትማል። እንዴት ነው የሚታረመው? እሱን ንገረኝ። … እስከ መቼ? … እስከ ነገ? … ድንቅ ነው። እስከ ነገ።

— … አዲስ ቃል። በድምፅዋ። … «መጣ፣ ጠራው፣ ወሰደው» ብላ። … ለምን? አንቱታ ምን እንደሆነ ጽፈህ ማስረዳት አትችልም? … ታስረዳለህ፤ ግን አሁን የፈጠሩት ሰበብ ነው ይሉናል። እሷ በአንደበቷ አንድ ሰው መሆኑን ከተናገረች ማጣመሚያ አያገኙም። … እሺ። እሺ፣ ይህ እንኳ ደህና ነገር ነው። ያዝ፣ ወደ ውስጥ ልግባ፤ ከተቋረጠ መልሰህ ደውል። እኔ ከደወልኩም ታነሳለህ ደግሞ።

— እማዬ፣ ወንደሰን ነው፤ ጠበቃው። … «እንደምን ሰነበቱ በያቸው» ትላለች። ይኸው፣ አንተንም አበዛችህ። … እማዬ፣ ስለ ግሩም አንድ ነገር በስልኩ ትናገሪያለሽ። አምባዬ መጣ፣ ልጄን ወሰደው በይ። … አይ፣ መጡ አይደለም። መጣ። … እሳቸው አትበይ፤ እሱ። … ለምን? … እማዬ፣ ልጅሽን የወሰደ ሰው ነው እኮ። ምን ክብር አለው እሱ ደግሞ … እ? …

— ወንደሰን፣ ዝም በል። … ዝም በል አልኩህ፤ እየተናገረች ነው።

— …

— … አለሁ። … አላለቀስኩም። … አለሁ እኮ፣ ምን ትጨቀጭቀኛለህ።

— ምን እንዳለች ልንገርህ? «አንተ ብዬ ካዋረድኳቸው አይመልሱልኝም» ነው ያለችው። … በየእሑዱ ቅዳሴ ሲወጣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። እኔ አላውቅም ነበር። ጎንበስ ብላ «እንደምን ሰነበቱ ኢንስፔክተር» ትለዋለች፤ እሱም እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ያልፋል። አንድ ቀን ይራራና ያለበትን ይነግረኛል ብላ። ዛሬም ጠዋት ሰላም ብላው ነው የመጣችው። … ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀምጣው አያለሁ አሁን፣ እዚያ ወንበር ላይ። … ልማዷ ብቻ ይመስለኝ ነበር እኮ። ለካ ልመና ነው። አንተ «እነሱ» ብለህ ያስተላለፍከው ልመናዋን ነው።

— አላስገድዳትም። … የነገው ቀነ ገደብም ያልፋል ካልክ ይለፍ። … እኔ እናቴን በልጅሽ ተስፋ ቁረጪ አልላትም፤ ለሷ እሱን አንተ ማለት ያው ነው። ይኼንን ደግሞ ለኮምፒውተርህ ስጠውና ይተርጉመው።

— … ምን አልሽ እማዬ? … ተቀመጪ፣ ተይው። ግድ የለም፣ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን። … ምስሩ ፈሰሰ፣ ቀስ በይ። … እርግጠኛ ነሽ? …

— ወንደሰን፣ ስልኩን አምጪ አለች። … እኔ እንጃ። ምንም አላልኳትም። … መቅጃህን ክፈት። ከፈትክ? … እማዬ፣ ወደ አፍሽ አስጠጊው። አዎ፣ ይሰማል።

— …

— … ሄሎ፣ እኔ ነኝ። ተቀበልኳት። … ተቀዳ? ሙሉውን? … እስቲ መልሰህ አሰማኝ። አንተን አላምንህም። … ከፍ አድርገው። …

— «አስካለች ወልደ ኢየሱስ እባላለሁ። አምባዬ መጣ። ብቻውን መጣ። ልጄን ግሩምን ጠራው። መኪናው ውስጥ አስገባው። ወሰደው።» … አዎ። … «አልመለሰውም።» … አዎ፣ ራሷ ናት። ይህቺን የመጨረሻዋን እኔ አላስጠናኋትም።

— ለምን አቆምከው? ከዚያ በኋላም ተናግራለች እኮ፤ እዚሁ ነበርኩ። … አትደብቅ፣ አሰማኝ። … «አንተም ወንደሰን፣ እንዳልኩህ ጻፈው።» … አዎ፣ በደንብ ሰምተሃል። አንተ ነው ያለችህ። ጠበቃ ከሆንክ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

— አሁን? ምስሩን ከመሬት እየለቀመች ነው። … አይሆንም፣ አታናግራትም። … አልሰጥህም።

— ነገ ጠዋት ቢሮ እመጣለሁ። ከመላኩ በፊት እንግሊዝኛውን ቃል በቃል አነበዋለሁ። … «አዝናለሁ» አትበለኝ። ማዘንማ መንግሥትም አዝኗል፤ አሁን ራስህ ነገርከኝ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» በል። … እየጠበቅኩ ነው። … … ትሰማኛለህ? … አዎ፣ ኮምፒውተሩ። ሰምቻለሁ እሱንማ። … ሥራ መብዛቱንም ሰምቻለሁ። …

— እንግዲያው ነገ እንገናኝ፣ አቶ ወንደሰን። … አዎ፣ አቶ። … አልቀለድኩም። ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ነዎት። ግን እንዳይሳሳቱ፤ ብዙ ሆነው አይደለም። ብቻዎን ነው የፈረሙት። … ደህና ይዋሉ።