የሁለት ምድጃ አንድ ጭስ ማውጫ

አቶ ጋሮማ ዕድሜያቸውን ሙሉ በእንጦጦ ግርጌ የኖሩ፣ የባሕር ዛፍ ፍልጥ መድረቁን በመዳፋቸው ዳስሰው የሚያውቁ አዛውንት ናቸው። የወንድማቸው ልጅ አያንቱ ደግሞ በኮተቤ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የምትማር፣ ያልለካችውን የማታምን ወጣት ናት። ከጠዋት የእግር ጉዞዬ ስመለስ ሁለቱን ደጃፍ ላይ ሲከራከሩ አገኘኋቸው።

«እስቲ እርስዎ ይፍረዱን፣ እትዬ» አሉኝ አቶ ጋሮማ ወንበር እየሳቡልኝ። «ይህች ልጅ ጭስ ማውጫችንን ልታፈርስ መጥታለች።»

አቶ ጋሮማና ወንድማቸው ኤቢሳ፣ የአያንቱ አባት፣ በወሰን ተጣልተው ስድስት ዓመት ተኳርፈው ነበር። ሽማግሌ ሲያስታርቃቸው፣ ቤቶቻቸው በሚጋሩት ግድግዳ ላይ አንድ ጭስ ማውጫ አብረው ሠሩ፤ ምድጃዎቻቸውንም ከግራና ከቀኝ አገናኙበት። የእርቃቸው ምስክር እርሱ ነው። አሁን ግን የአቶ ጋሮማ ምራት ሔራን፣ ከአንድ ወር ጨቅላዋ ጋር ምድጃው ባለበት ክፍል እየተኛች፣ ጠዋት ጠዋት ራሷን እየፈለጣትና እያቅለሸለሻት ትነሳለች።

«ብርድ ነው! መስኮቱን በጨርቅ እወትፍላታለሁ» አሉ አቶ ጋሮማ።

«እሱማ ይብሳል፣ አባባ! አባቴ ማለዳ ሲያነድ ጭሱ በእናንተ ምድጃ በኩል ይመለሳል።»

«የእኛ ምድጃ እኮ ያን ጊዜ ጠፍቷል! ከጠፋ ምድጃ ጭስ ይወጣል ብለው አስተማሩሽ?»

«የጠፋ ምድጃ የተከፈተ በር ነው። ከጭሱም ጋር የማይታይ፣ የማይሸት መርዝ አለ፤ ከሰል ሰው የሚገድለው በእርሱ ነው።»

አዛውንቱ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በለሆሳስ «ማውጫውን ብለየው ኤቢሳ ምን ይለኛል? ዳግም ገፋኝ አይልም?» አሉኝ። ክርክሩ ስለ ጭስ ብቻ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ።

አያንቱ ሔራንንና ልጇን ፀሐይ ላይ አስቀምጣ፣ አባቷን በግድግዳው በኩል «ጭሱ እንዲታይ እሳትህ ላይ እርጥብ ቅጠል ጨምር!» አለችው። ብዙም ሳይቆይ ከቀዝቃዛው ምድጃ አፍ ነጭ ጭስ ይጎርፍ ጀመር። አቶ ጋሮማ ተንበርክከው አመዱን ዳሰሱ፤ በረዶ ነው። ፊታቸው ከአመዱ ብሶ ገረጣ።

ኤቢሳ እያሳለ ገባ። «የእናንተም ጭስ ማታ ማታ እኔ ቤት ይመጣል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?» አሉት አቶ ጋሮማ።

«እርቁን እንዳላፈርስ ብዬ ነዋ!»

በዞርኩባቸው አገሮች ብዙ ዓይነት ምድጃ አይቻለሁ፤ ለፍቅር ሲሉ ጭስ እየዋጡ የሚኖሩ ወንድማማቾች ግን የገጠሙኝ እዚህ ብቻ ነው። መስኮቱን ከፍተን ስንስቅ፣ አያንቱ በትዕግሥት አስረዳቻቸው፦ ምድጃ ሁሉ የራሱ ማውጫ ሲኖረው እሳቱ ቶሎ ይያያዛል፣ ፍልጡ ይበረክታል፣ አራስም ሕፃንም ንጹሕ አየር ይተነፍሳሉ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ጋሮማ ሁለቱን ቤተሰብ ሰበሰቡ።

«ስሙኝ። ሔራንና ልጇ ከዛሬ ጀምሮ ምድጃ በሌለበት ክፍል ይተኛሉ፤ ሐኪምም ያያቸዋል። በእኛ በኩል ያለው ቀዳዳ አሁኑኑ በጡብና በሲሚንቶ ይደፈናል። ቅዳሜ ከሾላ ገበያ ለእኛ ምድጃ አዲስ ቱቦ አመጣለሁ። ጣሪያ ላይ የሚወጣው ኤቢሳ ነው፤ መሰላሉን የምይዝለት እኔ ነኝ። ተጣሉ የሚል ጎረቤት ካለ ያን ዕለት መጥቶ ይየን።»