የአምስት ደቂቃው ብርድ ልብስ

እኔ ልሙት፣ ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት የለባትም። እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አስፋልት ላይ እንቁላል በሚጠበስበት ሙቀት፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች አንዲት የሐበሻ ልጅ ኮል አደረገችልኝ። የምትሠራው ለምክር ቤት አባላችን ነው። የአሜሪካ ወታደር ሰውን ያለ ፍርድ ላልተወሰነ ጊዜ ሲያስር ቨርጂኒያ እንዳትተባበር የሚል ሕግ ሊያወጡ ነውና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ታስረው ያውቃሉ፤ መጥተው ይንገሩን። ጃስት አምስት ደቂቃ ነው» አለችኝ። በደርግ ጊዜም ወታደሮቹ «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» ብለው ነው በሸሚዝ የወሰዱኝ። ክስም ፍርድም ሳልሰማ፣ ጥቁር ጸጉር ይዤ ገብቼ ሽበት ይዤ ወጣሁ። ስለዚህ አሁን ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ ብርድ ልብሴን ጠቅልዬ ሄድኩ።

የምክር ቤቱ ሰዎች ሲያዩኝ በሳቅ የአዳራሹ ጣሪያ ሊነሳ ደረሰ። ልጅቷ ግን «ብርድ ልብሱ ለምንድን ነው ጋሼ?» አለችኝ። ነገርኳት፤ ስትተረጉምላቸው ሳቁ ቆመ። የምክር ቤት አባሉ «እርስዎን ለሚወስድ ማንም እዚህ አያግዝም» አለኝ። «እሱስ ደግ» አልኩት፤ «ያኔ እናቴ በየቀኑ ምሳ ይዛ በእስር ቤቱ በር ላይ እየቆመች ልጄን አምጡ ትላቸው ነበር። ዛሬ ቢወስዱኝ መጥፋቴን የሚያውቅ ማነው?» ለዚህኛው የሚያወጣው ሕግ አልነበረውም። ስወጣ ልጄ መኪናዋ ውስጥ ስትጠብቀኝ ቆይታ፣ «ዳዲ፣ አምስት ደቂቃ አላልክም?» ብላ ተቆጣችኝ።

እሺ፣ አንዲት ትንሽ ነገር ጨምሬያለሁ። መኪና ውስጥ የጠበቀኝ ሰው የለም፤ ብርድ ልብሴን ታቅፌ በአውቶቡስ ተመለስኩ።